ዘነበወርቅ፤ በኮልፌ ቀራንዮ የአንድ ሐኪም ቤት ታሪክና የዘመናችን ክርስትና

ስለ ዘመናዊው የክርስትና ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የተጠማቂዎች ቍጥር ነው፤ በየትኛው አገር ስንት ሰው ተጠመቀ፥ የትኛው ማኅበር አደገ፥ የትኛው ቀነሰ እያሉ ይቈጥራሉ። ሁለተኛው የሃይማኖት ክርክር ነው፤ ማን ከማን ተለየ፥ ማን ከማን ታረቀ እያሉ ይተነትናሉ። ሁለቱም አስፈላጊዎች ናቸው። ዳሩ ግን ቍጥሩም ክርክሩም የማይደርስበት ሌላ ታሪክ አለ። እርሱንም ለመመልከት በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ያለውን፥ በመዝገብ አለርት የሚባለውን፥ ሠፈርተኛው ግን እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ብሎ የሚጠራውን ሐኪም ቤት መርጠናል። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ለሥጋ ደዌ በሽተኛ ያመጡለት ነገር ምንድር ነው? ከእነርሱ በፊት የነበረችው ቤተ ክርስቲያንስ ምን ትሰጠው ነበር? መልሱ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግነውንም ሆነ በአብነት ትምህርት ቤት ያደጉትን ጓደኞቻችንን ሙሉ በሙሉ ደስ የሚያሰኝ አይመስለንም። (የአገራችንን ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጽፈናል፤ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉትን ግን እ.ኤ.አ. ብለን ለይተናል።)

በመጀመሪያ የውጭውን ዓለም ሁኔታ በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1910 የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች በኤዲንብራ ከተማ ታላቅ ጉባኤ አድርገው ነበር። ከ1,200 በላይ ልዑካን ተሰበሰቡ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰዎች ነበሩ። ኦርቶዶክሶችና ካቶሊኮች አልነበሩበትም። በዚያ ዘመን መባቻ በአፍሪካ የነበሩት ክርስቲያኖች 10 ሚሊዮን ያህል እንደ ነበሩ ይገመታል፤ ዛሬ ከ600 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ይነገራል። በኤዲንብራ የተቀመጡት ሽማግሌዎች የክርስትና መካከል ከእነርሱ አገር ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ መሆኑን አልገመቱም። እነርሱ ያሰቡት ሰጪና ተቀባይ መኖሩን ነው።

ከሚሰጡትም ነገር አንዱ ሕክምና ነበር፤ ከሕክምናም ውስጥ የሥጋ ደዌ ልዩ ስፍራ ነበረው። ጌታችን ለምጽ የያዘውን ሰው በእጁ መንካቱ በወንጌል ስለ ተጻፈ፥ በሽተኛውን መንካት ራሱ እንደ ስብከት ይቈጠር ነበር። ዌልስሊ ቤይሊ የተባለ የአየርላንድ ሰው በሕንድ አገር ያየውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1874 ለዚሁ በሽታ ብቻ የቆመ ሚሲዮን መሠረተ። ከካቶሊኮች ወገን የቤልጂጉ ቄስ ዳሚያን በሞሎካይ ደሴት ከበሽተኞች ጋራ ኖሮ በሽታው ይዞት እ.ኤ.አ. በ1889 ሞተ፤ ስሙም በዓለም ሁሉ ተሰማ። ከቤይሊ ማኅበር አንድ ዓመት ቀድሞ፥ እ.ኤ.አ. በ1873፥ በኖርዌይ በበርገን ከተማ አርማወር ሐንሰን የተባለ ሐኪም የበሽታውን ተሐዋሲ አግኝቶ ነበር። በዚህም በሽታው እርግማንም የዘር ውርስም አለመሆኑ ታወቀ። ሆኖም ማወቅ ሌላ፥ መፈወስ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሰልፎን መድኃኒት እስኪወጣ ድረስ፥ ሰባ ዓመት ያህል፥ ሐኪሞች ከአንድ የሕንድ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ከመውጋት በቀር ብዙ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። ስለዚህ ሚሲዮኖች የሚሰጡት መጠለያ፥ ምግብ፥ ቍስል ማጠብና፥ ይህን ልብ ማለት ያሻል፥ ከሌላው ሰው መለየት ነበር። የበሽተኞች መንደር የሚባለው አሠራር የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የሥጋ ደዌ በሽተኛ በጥንቱ ኑሯችን ቦታ አልነበረውም ማለት ስሕተት ነው። ቦታ ነበረው፤ ቦታውም የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ገብረ ክርስቶስ የሚባለውን ቅዱስ የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው። በታሪኩ እንደሚነገረው የቍስጥንጥንያ ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ ሲሆን፥ በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱንና የአባቱን ቤት ትቶ ወጣ፤ መልኩ እንዳይታወቅ ሰውነቱ በደዌ እንዲለወጥ ለመነ፤ በመጨረሻም በገዛ አባቱ ደጅ ከለማኞች ጋራ ወድቆ፥ ውሾች ቍስሉን እየላሱለት፥ አገልጋዮች እጣቢ እየደፉበት፥ ማንም ሳያውቀው ዓመታት ኖረ። በዓሉ ጥቅምት 14 ቀን ይከበራል። ይህን ታሪክ እየሰማ ያደገ ሰው በደጀ ሰላም የተቀመጠውን ድውይ ሲያይ ምናልባት የንጉሥ ልጅ ይሆናል ብሎ እንዲያስብ ተምሯል። በሌላ አገር በሽተኛው ደወል እያሰማ ሰው እንዲሸሸው ሲገደድ፥ በእኛ አገር በበዓል ቀን ምእመኑ ሁሉ በሚያልፍበት በር ላይ መቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም። ምጽዋት የሚሰጠውም ሰው ሲመጸውት ለራሱ ነፍስ እንደሚያደርገው ያውቃል፤ ስለዚህ ለማኙ ዕዳ የለበትም።

ነገር ግን የዚህ አኗኗር ሌላ ገጽ ነበረው። በሽተኛው ከደጁ አልፎ ወደ ሰው ቤት አይገባም። ሕዝቡ ቁምጥና የሚለው ይህ በሽታ ከዘር ወደ ዘር ይወርዳል ተብሎ ስለሚታመን፥ ለጋብቻ ዘር ሲቈጠር አስቀድሞ ከሚጠየቀው አንዱ ይኸው ነበር። የበሽተኛው እኅትና ወንድም፥ ጤነኛ ሆነው ሳሉ፥ ሳያገቡ ይቀሩ ነበር። ፍርሃቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ለማወቅ የፈለገ ሰው ላሊበሎችን ያስታውስ። እነዚህ ሰዎች ገና ሳይነጋ በየደጁ እየዞሩ በዜማ የሚለምኑት፥ ዜማውን ካቋረጥን በሽታው ይወርድብናል ብለው ስለሚያምኑ መሆኑን አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ሲነገር ሰምቷል። በሽታው ያልያዘውን እንኳ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ለማኝ የሚያደርግ ፍርሃት ነበር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለበሽተኛው ክብር ሰጥታዋለች፤ ፍርሃቱን ከሕዝቡ ልብ ለመንቀል ግን ብዙ አልሠራችም።

ከውጭ ከመጡት መካከል በዚህ ሥራ የቀደሙት ካቶሊኮች ናቸው። የፈረንሳይ ካፑቺን መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1901፥ ራስ መኰንን ሐረርን በሚገዙበት ዘመን፥ በሐረር የበሽተኞች መንደር አቋቋሙ። የዘነበወርቅ ታሪክ ከዚህ ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ ይጀምራል፤ ከአንድ ሰው ስምም ጋራ የተያያዘ ነው።

ዶክተር ቶማስ ላምቢ በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ የተወለደ የፕሬስቢቴሪያን ሐኪም ነበር። በሱዳን ካገለገለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 በወለጋ በኩል ገብቶ በሳዮ፥ ማለት በደምቢ ዶሎ፥ ሥራ ጀመረ። ቀጥሎም በአልጋ ወራሽ በራስ ተፈሪ ድጋፍ በጉለሌ ሆስፒታል አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1927 ከሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ጋራ ተባብሮ ከጓደኞቹ ጋራ ወደ ደቡብ ተጓዘ፤ የጉዞው ግብ ጂማ ነበር፤ ነገር ግን ወላይታ፥ ሲዳሞና ከምባታ ላይ ቀሩ። በዚያ የሆነውን ከዚህ በታች እናነሣዋለን። በአዲስ አበባ ደግሞ በ1920ዎቹ ዓመታት ይኸው ሚሲዮን ከአሜሪካ የሥጋ ደዌ ሚሲዮን ገንዘብ አግኝቶ ያን ጊዜ ከከተማው ውጭ በነበረው በምዕራቡ ሜዳ ላይ የበሽተኞቹን ሐኪም ቤት ሠራ። ሐኪም ቤቱም በለጋ ዕድሜያቸው ባረፉት በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። ክፍለ ከተማው ስሙን ያገኘው ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ቀራንዮም የራስ ቅል ስፍራ ማለት ሲሆን ከከተማ ቅጥር ውጭ የነበረ ቦታ ነው። በሽተኞቹን ከከተማው ውጭ ያሰፈሩት ሰዎች ይህን አስበው እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ እኛ ግን ሳናነሣው ማለፍ አልቻልንም።

የውጭ አገር ሰው ርስት መግዛት ስለማይፈቀድለት፥ ላምቢ ለሚሲዮኑ መሬት ለማግኘት ሲል የኢትዮጵያን ዜግነት ተቀበለ። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ ግን የሚሲዮኑን ሥራ አተርፋለሁ ብሎ ለግራዚያኒ መገዛቱን ገለጠ፤ ቀደም ሲል ስለ ኢጣልያን ጦር አድራጎት የመሰከረውንም እስከ ማስተባበል ደረሰ። ይህም ሚሲዮኑን አላዳነውም፤ ሚሲዮናውያኑ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአገር እንዲወጡ ሆነ። ላምቢ በኋላ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ራሱን አገር የሌለው ሐኪም ብሎ ሰየመ። በእርሱ ላይ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም፤ በሐኪም ቤቱ የተኙት በሽተኞች በዐይኑ ፊት ነበሩ። ቢሆንም በአንድ በኩል በመርዝ ጭስ የተቃጠሉ ኢትዮጵያውያን፥ በሌላ በኩል የሚሲዮኑ ቤቶች በሚዛን በተቀመጡ ጊዜ፥ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። የሚሲዮን ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል በአጭሩ ያልፉታል፤ ማለፍ ግን የሚገባቸው አይመስለንም።

በዚሁ ዘመን በወላይታ የሆነው ነገር በዓለም የሚሲዮን ታሪክ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ሚሲዮናውያኑ ወላይታን ሲለቁ የተጠመቁት አማኞች ከሃምሳ የማይበልጡ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሆነው አገኟቸው። አስተማሪዎቹ፥ ሰባኪዎቹ፥ የታሰሩትና የተገረፉት ሁሉ የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሚሲዮናውያን ከቻይና ከተባረሩ በኋላም የዚያች አገር ቤተ ክርስቲያን እንዲሁ አድጋለች። ከኤዲንብራ የተነሣው የሰጪና የተቀባይ ሐሳብ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። የወላይታውን ከዘነበወርቅ ጋራ ስናነጻጽረው ግን አንድ ልዩነት እናያለን። ማኅበረ ምእመናን ያለ ሚሲዮናዊ ሊያድግ ይችላል፤ ሐኪም ቤት ግን ያለ መድኃኒት፥ ያለ ደመወዝና ያለ በጀት አያድርም። ከነጻነት በኋላ የልዕልት ዘነበወርቅ ሐኪም ቤት የመንግሥት ሆኖ መቀጠሉ በዚህ መንገድ የሚታይ ነው፤ ምሕረት የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ገባች።

መንግሥትም ሚሲዮኖችን በሕግ ወሰን አኖራቸው። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ አገሩን ለሁለት ከፈለ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በምትገኝባቸው አውራጃዎች ሚሲዮኖች እንዲያክሙና እንዲያስተምሩ እንጂ ወደ ሃይማኖታቸው እንዲስቡ አልተፈቀደም፤ ክፍት በተባሉት አገሮች ግን ስብከትም ተፈቀደ። ሚሲዮናውያኑም አማርኛ እንዲማሩ ታዘዘ። የዚህ ድንጋጌ አንድ ውጤት፥ ያልታሰበ ቢሆንም፥ ሐኪሙ ከሰባኪው መለየቱ ነው። በሽተኛው ለመታከም ሲል ሃይማኖቱን መለወጥ እንደማያስፈልገው በሕግ ተጻፈለት። በዚሁ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱም በራሳቸው እጅ ይገቡ ነበር፤ በጥር 1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፥ በሰኔ 1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ፤ በዚያው በ1951 ዓ.ም. በጥር ወር የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያውያን መሪነት ተቋቋመች።

አለርት የተመሠረተው በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. ነው። ስሙ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማቋቋሚያ ማዕከል ከሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው። መሥራቾቹን ብንቈጥር የዘመኑን መለወጥ እናያለን፤ የቤይሊ ማኅበር የነበረው ዓለም አቀፉ የሥጋ ደዌ ሚሲዮን፥ የአሜሪካው የሥጋ ደዌ ሚሲዮን፥ አካለ ስንኩላንን ለማቋቋም የቆመ ሃይማኖት የሌለበት ዓለም አቀፍ ማኅበር፥ የኢትዮጵያ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አብረው ነው ያቋቋሙት። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንድ ሚሲዮን ብቻ የተጀመረው ሥራ የአምስት ወገኖች የጋራ ሥራ ሆነ። ይህም ከጊዜው መንፈስ ጋራ የሚስማማ ነበር። አስቀድሞ በጥር 1957 ዓ.ም. የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር፤ በጥር 1963 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ማዕከላዊ ኮሚቴ በዚህችው ከተማ ተቀመጠ። በአዳራሽ ውስጥ ስለ አንድነት ሲነገር፥ በኮልፌ በኩል ያው አንድነት በጀት ተመድቦለት ይሠራ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

የተሰጠውም ትምህርት የቀድሞው አልነበረም። በሕንድ አገር በቬሎር የክርስቲያን ሕክምና ኮሌጅ ዶክተር ፖል ብራንድ እንዳሳየው፥ የበሽተኛው ጣት የሚጠፋው ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ አይደለም። በሽታው ነርቭን ስለሚገድል ሰውዬው እሳትና እሾህ አይሰማውም፤ ሳይሰማው ይቃጠላል፥ ሳይሰማው ይቈስላል። እንግዲያው ጫማ፥ ውሃና በየቀኑ እግርን መመርመር ከቢላዋ በፊት ይመጣሉ፤ ጅማትን አዛውሮ በመስፋትም የጐበጠ እጅ እንደ ገና እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ይህን ለመማር ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች ወደ ኮልፌ መጡ። በ1962 ዓ.ም. በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ረዳትነት የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በዚያው ግቢ ተከፈተ። ከበርገን የተነሣው ስም አዲስ አበባ ደረሰ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን በተደባለቁ መድኃኒቶች ማከምን ካዘዘ በኋላ፥ ዕድሜ ልክ ይወሰድ የነበረው ሕክምና በጥቂት ወራት ወይም በአንድና በሁለት ዓመት የሚያልቅ ሆነ።

እዚህ ላይ ታሪኩ በደስታ ያበቃ ይመስላል። ሠፈሩን ለሚመለከት ግን አላበቃም። ከጎጃም፥ ከወሎ፥ ከሸዋና ከሌላውም አገር በእግሩ ሄዶ ለመታከም የመጣው ሰው ተፈውሶ ሲወጣ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ተሐዋሲው ከሰውነቱ ጠፍቷል፤ የጐደለው ጣትና የተለወጠው ፊት ግን ምስክር ሆነውበት ቀርተዋል። ርስቱን ወንድሞቹ ተካፍለውታል፤ ሚስቱን ወይም ባሏን ሌላ አግብቷታል ወይም አግብታዋለች። ስለዚህ ከሐኪም ቤቱ አጥር ሥር የጭቃ ቤት ሠራ፤ እንደ እርሱ ያለችውን አገባ፤ ዕድር ገባ፤ ልጅ ወለደ። ልጆቹም ጤነኞች ነበሩ። ይህም በሽታው ዘር ነው የሚለውን ወሬ ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ውሸት ያደረገ ማስረጃ ነው። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የኦርቶዶክስ ልጆች ስለ ነበሩ የዕለት እንጀራቸውን ፍለጋ በበዓላት ቀን የሄዱት ወደዚያው ወደ ጥንቱ ቦታ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። በዘመናዊ ሐኪም የተፈወሰ ሰው በቅዱስ ገብረ ክርስቶስ ስም ይለምን ነበር። ሚሲዮኑም ሳይንሱም መንግሥቱም ከደጁ ሊያስነሡት አልቻሉም።

የዚህን ምክንያት ስንመረምር፥ ከላይ የጠቀስነው የመለየት አሠራር ግማሹን ጥፋት ይወስዳል። የበሽተኞች መንደር መጠለያ ነበር፤ ነገር ግን በሽተኛው ከሰው ጋራ ሊኖር አይገባውም የሚለውን አሮጌ ሐሳብ በድንጋይና በቆርቆሮ አጸናው። መድኃኒቱ ከተገኘና መለየት ካላስፈለገ በኋላም ሠፈሩ ተለይቶ ቀረ፤ ዘነበወርቅ ነው ቤቴ ማለት በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ የሚያሳፍርበት ጊዜ ነበር። የልዕልቷ ስም መጀመሪያ የሐኪም ቤት፥ ከዚያም የበሽታ፥ በመጨረሻም የሠፈር ስም ሆነ፤ ዛሬ የታክሲ ረዳት ሲጠራው ልዕልቷን የሚያስታውስ ተሳፋሪ ብዙ አይደለም። ሌላው ግማሽ ጥፋት የእኛው ነው። የገብረ ክርስቶስን ታሪክ እየሰማን አድገን፥ የተፈወሰውን ወንድማችንን ወደ ርስቱ እንዳይመለስ የከለከልነው ሚሲዮናውያን ስላስተማሩን አይደለም።

ከተማውም ሌላ ነገር ጨመረበት። ከሠፈሩ አጠገብ ባለው፥ ቆሼ በሚባለው ቦታ፥ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲደፋ ኖረ፤ ከድኻው ሕዝብ ብዙው ከዚያ ለቅሞ ይተዳደር ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከተማው የማይፈልገውን ሰውና የማይፈልገውን ነገር በአንድ አቅጣጫ ያስቀመጠ መሆኑን ብዙ ሰው ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው።

አለርት ዛሬ በጤና ሚኒስቴር ሥር ያለ ትልቅ ሆስፒታል ነው። የቈዳ፥ የዐይንና የአደጋ ሕሙማን ከየአቅጣጫው ይመጡበታል፤ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሥጋ ደዌ የላቸውም። በሽተኛው ከሌላው ሕመምተኛ ጋራ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል፤ ይህም የመለየትን አሠራር ከብዙ ዐዋጅ ይልቅ ያፈረሰው ይመስለናል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1999 በሽታውን ከ10,000 ሰው አንድ ከሚለው መጠን በታች አድርሳለች፤ ቢሆንም ዛሬም በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠሩ አዳዲስ በሽተኞች ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1996 በበሽታው የተጠቁት ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ከሐረር መነኮሳት ጀምሮ በእነርሱ ስም ሌላ ሰው ገንዘብ ሲለምን፥ ሌላ ሰው ሲመሰክር፥ ሌላ ሰው ሲመራቸው ዘጠና አምስት ዓመት አልፎ ነበር። ማኅበሩ ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል መሬት፥ ሥራ፥ ብድርና የልጆች ትምህርት ይገኛሉ።